ብረት የገባለት ስብራት እንዳያመረቅዝ፦ ለታካሚና ለአስታማሚ

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የአንድ ወጣት ቅልጥም ላይ የተጠቀለለውን ፋሻ ስፈታ፣ ከስፌቱ ጠባሳ ጫፍ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ቀዳዳ አገኘሁ። ወጣቱ ከሞተር ሳይክል ወድቆ አጥንቱ ቆዳውን ቀድዶ ከወጣ አራት ወር አልፎት ነበር፤ ብረት ገብቶለት፣ ቁስሉ ጠግጎ፣ በምርኩዝ መሄድ ጀምሮ ወደ አገሩ ተመልሶ ነበር። ቀዳዳዋ ጫን ስትደረግ ነጣ ያለ እዥ ጠብ ታደርጋለች፤ አታመውም፣ ትኩሳትም የለውም። እናቱ ለሁለት ወር ያህል በየጠዋቱ በንጹሕ ጎዝ እየጠረገች፣ ከመድኃኒት ቤት የተገዛ እንክብል እያዋጠች አስታምማዋለች፤ እዡ ሲደርቅ ደስ ይላቸዋል፣ እንክብሉ ሲያልቅ ተመልሶ ይመጣል። ሐኪሞቹ ሲከፍቱት አጥንቱ አልገጠመም፤ የብረቱም ዙሪያ መግል ይዞ ነበር።

ያች እናት በእንክብካቤ አልሰነፈችም። ብረት ባለበት እግር ላይ ከጠባሳ የምትወጣ ጠብታ ከውስጥ፣ ከአጥንቱ ዘንድ የምትመጣ መሆኗን ግን የነገራት ሰው አልነበረም። በአጥንት ቀዶ ጥገና ክፍል በነርስነት ስሠራ እንዲህ ያለውን ነገር ደጋግሜ ስላየሁ፣ በመኪና፣ በሞተር ሳይክል ወይም በባጃጅ አደጋ፣ አለዚያም ከሕንፃ ላይ በመውደቅ አጥንታቸው ተሰብሮ ቀዶ ጥገና ለተደረገላቸው ሰዎችና ለአስታማሚዎቻቸው ይህን መመሪያ አዘጋጅቻለሁ። ከአደጋው ደቂቃ ጀምሮ እስከ አንድ ዓመት ድረስ በየደረጃው ምን መደረግ እንዳለበት በቅደም ተከተል እናያለን፤ በቅድሚያ ግን ይህ ኢንፌክሽን ከሌላ ቁስል በምን እንደሚለይ ማወቅ ያስፈልጋል።

ብረት ላይ ያረፈ ባክቴሪያ

ጤነኛ ሥጋ ውስጥ የገባን ባክቴሪያ ከደም ጋር የሚዘዋወሩት ነጭ የደም ሕዋሳት ይደርሱበታል፤ ሐኪም የሚያዘው ጸረ ባክቴሪያ መድኃኒትም የሚያገኘው በዚያው በደም በኩል ነው። ብረት ግን ደም አይዘዋወርበትም፤ በአደጋው ከአጥንቱ ተፈንክቶ የተለየ ስባሪም እንዲሁ ደም የማይደርሰው የሞተ አካል ነው። ባክቴሪያዎች እነዚህ ላይ ሲያርፉ በሰዓታት ውስጥ ይጣበቃሉ፤ በቀናት ውስጥ ደግሞ ባለሙያዎች ባዮፊልም የሚሉትን ዝልግልግ ሽፋን ሠርተው በውስጡ ይደበቃሉ። ለረጅም ጊዜ ውኃ የተቀመጠበትን ጀሪካን ውስጡን በጣት ሲነኩት የሚያዳልጠው ነገር የዚሁ ዘመድ ነው። ጀሪካኑን በውኃ ማለቅለቅ ብቻ ያንን እንደማያስለቅቀው፣ ጠጠር ወይም አሸዋ ጨምሮ መናጥ እንደሚያስፈልገው ሁሉ፣ ብረቱ ላይ ያለውም ሽፋን በእንክብል ብቻ አይለቅም፤ ተከፍቶ መታጠብና መፋቅ አለበት። ሽፋኑ ሳይጠነክር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከተደረሰበት ብረቱን ሳያወጡ ማጠብ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ጊዜው በረዘመ ቁጥር ግን ብረቱን ማውጣት ወይም መለወጥ ግድ እየሆነ ይሄዳል። «እስቲ ጥቂት ቀን እንየው» የሚለው ምክር ብረት ላለበት ሰው የማይሠራው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ኢንፌክሽን በብዛት የሚያስከትለው ስታፊሎኮከስ አውሬየስ የሚባለው ባክቴሪያ ሲሆን፣ በብዙ ጤነኛ ሰዎች አፍንጫና ቆዳ ላይ ያለ ችግር ይኖራል። ክሌብሲየላ፣ አሲኔቶባክተር፣ ሱዶሞናስና ኢ ኮላይም በተለይ ሆስፒታል ውስጥ ብዙ ቀን በተኙ ታካሚዎች ላይ ይገኛሉ፤ ከእነዚህ መካከል በአገራችን በሰፊው የሚሰጠውን ሴፍትሪያክሶን የተባለ ጸረ ባክቴሪያ መድኃኒት የሚቋቋሙት ጥቂት አይደሉም።

አደጋው ለሁሉም ስብራት እኩል አይደለም። ቆዳው ሳይቀደድ አጥንቱ ብቻ በተሰበረበት፣ ዝግ ስብራት በሚባለው፣ ከቀዶ ጥገና በኋላ የሚያመረቅዘው ከ100 ታካሚ 1 ወይም 2 እንደሆነ ይገመታል፤ ቆዳውና ሥጋው ተቀድዶ፣ አፈርና ጨርቅ ገብቶበት አጥንቱ በተጋለጠበት ከባድ ክፍት ስብራት ግን ቁጥሩ ከ100 ታካሚ እስከ 30 ሊደርስ ይችላል። ሐኪሞች ክፍት ስብራትን ጉስቲሎና አንደርሰን የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጡት መለኪያ ከአንደኛ (ከቀላሉ) እስከ ሦስተኛ (እስከ ከባዱ) ደረጃ ይመድቡታል። «ደረጃው ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ የታካሚው መብት ነው፤ የሚቀጥለው ክትትል ምን ያህል ጥብቅ መሆን እንዳለበት የሚወሰነው በዚህ ነውና። ቅልጥም ደግሞ ከሁሉ የከፋ ቦታ ነው። በእጅዎ የራስዎን ቅልጥም ፊት ለፊት ቢዳስሱ በቆዳውና በአጥንቱ መካከል ሥጋ የሚባል ነገር እንደሌለ ይረዱታል፤ ቆዳው ከተቀደደ አጥንቱን የሚሸፍን፣ ደምም የሚያደርስለት ጡንቻ በዚያ በኩል የለም።

የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት

አጥንት ቆዳ ቀድዶ ከወጣ በተገኘው ንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ፣ ደም የሚፈስ ከሆነ በእጅ ጫን ብሎ ይዞ፣ እግሩ ወይም እጁ እንዳይንቀሳቀስ በእንጨት ወይም በካርቶን ላላ አድርጎ ደግፎ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው። በአዲስ አበባ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። የወጣውን አጥንት ወደ ውስጥ ለመመለስ መሞከር አይገባም። ደም እንዲያቆም ተብሎ የቡና ዱቄት፣ አመድ ወይም አፈር ቁስል ላይ የሚነሰነስበትን ልማድ በዚህ ስብራት ላይ ፈጽሞ መተው ያስፈልጋል፤ ከአጥንት ስባሪ መካከል የቡና ደቃቅ በፒንሴት እየለቀሙ ማውጣት ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ፣ ሁሉንም ማውጣትም እንደማይቻል በዓይኔ አይቻለሁ። ቀለበት፣ አምባርና ጠባብ ጫማ እብጠቱ ሳይጀምር ይውለቁ። አደጋው የደረሰበትንም ሰዓት ያስታውሱ፤ ሐኪሙ ከሁሉ አስቀድሞ ይጠይቅዎታል።

ወጌሻን በተመለከተ በግልጽ መነጋገር አለብን። ወጌሻ ለወለምታ የሚያደርገውን የማቃለል ፍላጎት የለኝም፤ ለብዙ ቤተሰብ ደርሷል። ቆዳው የተቀደደ ስብራት ግን በማሸት አይመለስም፤ ታሽቶ በቀርከሃ ወይም በእንጨት ጠበቅ ተደርጎ የታሰረ እግር የደም ዝውውሩ ተቋርጦ እስከ መቆረጥ ይደርሳል። ለሐኪሙ የሚቀርበው ቀን በዘገየ ቁጥር ባክቴሪያው ቤቱን ሠርቶ ይጠብቃል።

ሆስፒታል እንደደረሱ አስታማሚው በአክብሮት ሦስት ነገር ይጠይቅ። ጸረ ባክቴሪያ መርፌው ተሰጥቷል ወይ? ክፍት ስብራት ላይ ይህ መድኃኒት ከአደጋው በኋላ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቢሰጥ ይመረጣል፤ ከገጠር ለመጣ ሰው ይህ ስለማይሆንለት በመጀመሪያ የደረሰበት ጤና ጣቢያ ሪፈር ከመጻፉ በፊት መርፌውን ቢሰጠው ትልቅ ውለታ ነው። የቴታነስ፣ ማለትም የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ ተሰጥቷል ወይ? ሦስተኛው፣ ቁስሉ በኦፕራሲዮን ክፍል የሚታጠበው መቼ ነው? አብዛኛው ክፍት ስብራት በ24 ሰዓት ውስጥ መታጠብ አለበት፤ የእበትና የፍሳሽ ቆሻሻ የገባበት ደግሞ ሳይውል ሳያድር።

ይህ እጥበት ምን እንደሆነ ባለማወቅ ብዙ ቤተሰብ ይደነግጣል። ሐኪሙ በብዙ ሊትር የጨው ውኃ ቁስሉን ያጥባል፤ ደም የማይወጣውን ሥጋ፣ የማይኮማተረውን ጡንቻ፣ የተለየውን የአጥንት ስባሪ ቆርጦ ያወጣል። «ሥጋውን ጨረሱት» የሚል ቅሬታ ደጋግሜ ሰምቻለሁ፤ ሆኖም እዚያ የቀረ እያንዳንዱ የሞተ ቁራጭ ለባክቴሪያ ቀለብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የሆነ፣ ከ2,400 በላይ የክፍት ስብራት ታካሚዎችን የመረመረ ጥናት ተራው የጨው ውኃ ከሳሙና የተሻለ መሆኑን፣ ከፍተኛ የውኃ ግፊትም የተለየ ጥቅም እንደሌለው አሳይቷል፤ ስለዚህ ውድ መሣሪያ የሌለው ሆስፒታልም ይህን ሥራ በሚገባ ሊሠራው ይችላል። ከእጥበቱ በኋላ ቁስሉ ሳይሰፋ ክፍት ቢቀመጥና ከሁለት ቀን በኋላ እንደገና ቢታጠብ ቸልተኝነት ነው ብለው አይዘኑ። ቆሻሻ ያዘለን ቁስል ቸኩሎ መስፋት መግሉን ውስጥ መቆለፍ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሐኪሞች አጥንቱን የሚያቆሙት ከቆዳው ውጭ በሚታይ ብረት ነው፤ ሥጋው ሲያገግም ወደ ውስጥ ብረት ይለወጣል።

የዛሬው አሠራር መነሻ ራሱ የቅልጥም ስብራት ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1865 በስኮትላንድ፣ በግላስጎው ከተማ ጋሪ ሄዶበት ቅልጥሙ የተሰበረውን፣ ቆዳውም የተቀደደውን ጄምስ ግሪንሊስ የተባለ የ11 ዓመት ልጅ የቀዶ ጥገና ሐኪሙ ጆሴፍ ሊስተር ካርቦሊክ አሲድ በተባለ ጀርም ገዳይ ፈሳሽ በተነከረ ጨርቅ ሸፍኖ አከመው። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ስብራት መጨረሻው እግር መቁረጥ ወይም ሞት የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነበር፤ የልጁ ቁስል ግን ሳያመረቅዝ፣ አጥንቱም ገጥሞ ስድስት ሳምንት ገደማ ሲሆነው ዳነ።

ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ከመግባት በፊት

ታካሚው ወደ ውስጥ የሚገባ ብረት ሊደረግለት ቀጠሮ ሲያዝለት፣ ከዋዜማው ወይም በዚያው ጠዋት ገላውን በሳሙና ይታጠብ፤ መነሣት ካልቻለ አልጋው ላይ እንዳለ በንጹሕ ጨርቅ ይታጠብ። ጸጉሩን ግን ቤት ውስጥ በምላጭ አይላጩት። ቀዶ ጥገናው ይቅለል ብለው ቅልጥሙን ላጭተው የሚያመጡ አስታማሚዎች አሉ፤ ምላጭ ዓይን የማያየው ጭረት ይተዋል፣ በጭረቱ ውስጥ ደግሞ ባክቴሪያ ያድራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ጸጉር ጭራሽ ባይነሣ፣ ግድ ከሆነም በማሽን ብቻ እንዲቆረጥ አዟል።

ስኳር ያለበት ሰው ለሐኪሙ አስቀድሞ ይንገር፤ ሕመሙ እንዳለበት የማያውቅም በአደጋው ምክንያት ስኳሩ ከፍ ሊል ስለሚችል መለካት ይገባዋል። በቀዶ ጥገናው ዙሪያ ባሉት ቀናት የደም ስኳሩ ከ200 (mg/dL) በታች ሆኖ ቢቆይ የማመርቀዝ ዕድሉ ይቀንሳል። ሲጋራ የሚያጨስ ካለ ዛሬውኑ ያቁም፤ ኒኮቲን ጥቃቅን የደም ሥሮችን ስለሚያጠብብ ቁስልም አጥንትም ያዘገያል። ፔኒሲሊን ወይም ሌላ መድኃኒት የማይስማማው ከሆነ ካርዱ ላይ በጉልህ እንዲጻፍ ያድርጉ።

ታካሚው ለቀዶ ጥገናው ቆዳው ከመቀደዱ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ የሚሰጥ የመከላከያ መርፌ አለ፤ ለአዋቂ በአብዛኛው 2 ግራም ሴፋዞሊን ነው፣ በሌለበት ደግሞ ሌላ ይተካዋል። አስታማሚው መድኃኒቱን ከውጭ እንዲገዛ ከታዘዘ፣ ታካሚው ከዋርድ ከመውጣቱ በፊት ገዝቶ ለነርሷ ማስረከብ አለበት፤ በአስታማሚው ኪስ ውስጥ ቀርቶ ከቀዶ ጥገናው በኋላ የተሰጠ መርፌ ዋናውን ሰዓት አልፎታል።

ዋርድ ውስጥ

ከዝግ ስብራት ቀዶ ጥገና በኋላ የመከላከያ መድኃኒቱ ከ24 ሰዓት በላይ እንዲቀጥል አይመከርም፤ በከባድ ክፍት ስብራት ግን እስከ ሦስት ቀን ሊቀጥል ይችላል። መርፌው ሲቆም «ለምን ተወው?» ብለው የሚከፉ፣ አንዳንዴም በራሳቸው ገዝተው ለማስቀጠል የሚሞክሩ አሉ። ያለ አስፈላጊነት የተራዘመ መድኃኒት የሚገድለው ደካማውን ባክቴሪያ ነው፤ የሚተርፈው ብርቱው ሲሆን፣ ነገ ቁስሉን የሚይዘውም እርሱ ነው።

በአገራችን ዋርድ አንድ የሚያኮራ ነገር አለ፦ አንዱ አስታማሚ የሌላውንም ታካሚ ያነሣል፣ ያጎርሳል፣ መሽኛ ያቀብላል። ራቅ ካለ ክፍለ ሀገር የመጣ፣ ሰው የሌለው ታካሚ በጎረቤት አልጋ አስታማሚ ሲታገዝ ማየት ልብ ይነካል። ነገር ግን መግል ያለውን ሰው የነካ እጅ ሳይታጠብ ወደ ራሱ ሰው አልጋ ሲመለስ ባክቴሪያውን ይዞ ይመለሳል። ደግነቱ ይቀጥል፤ በመካከሉ ግን እጅ በሳሙና ይታጠብ ወይም የአልኮል ማጽጃ ለግማሽ ደቂቃ ያህል እስኪደርቅ ድረስ እጅ ላይ ይታሽ። ትንሽ ጠርሙስ ገዝቶ አልጋው ራስጌ ማንጠልጠል ከሚመጣው ብርቱካን ሁሉ የሚበልጥ የጠያቂ ስጦታ ነው። ጠያቂ አልጋው ላይ አይቀመጥ፤ ጋቢም የቱንም ያህል ቢበርድ በውጭ ብረቱ ላይ አይጎተት፣ ቶሎ ቶሎም ይታጠብ።

ፋሻውን ማንም ሰው ለማየት ብሎ አይግለጥ። ሐኪሙ ወይም ነርሷ ሲፈቱት ከሌላ ታካሚ መጥተው ጓንት ካልለወጡ፣ «እባክዎ ጓንት ይቀይሩልን» ማለት ነውር አይደለም። እኔ እንዲህ ሲባልልኝ አልተቀየምኩም፤ በተረኝነት ሌሊት ሠላሳ ታካሚ ስናይ እኛም እንረሳለንና።

ምግብ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ቁስል የሚሞላው በፕሮቲን ነው፤ እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ፣ ዓሣ፣ ይህ ካልተቻለም ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና ለውዝ በየቀኑ ይቅረብ። በጾም ወቅት የተኛ ታካሚ የንስሓ አባቱን ቢያማክር መፍትሔ ያገኛል፤ በረመዳንም ለታመመ ሰው ጾሙን ወደ ሌላ ጊዜ ማስተላለፍ ተፈቅዷል። ጫት የምግብ ፍላጎት ስለሚዘጋ አጥንቱ እስኪገጥም ቢቀር ይመረጣል።

ቤት ከገቡ በኋላ

ከሆስፒታል ሲወጡ የሚሰጠው ወረቀት ላይ ምን ዓይነት ብረት እንደገባ፣ በየትኛው ቀን፣ የትኛው መድኃኒት እንደተሰጠ ተጽፎ መሆኑን ያረጋግጡ። በኢትዮጵያ በብዙ ሆስፒታሎች ለረጃጅም አጥንቶች ሳይን የሚባለው ዘንግ ይገባል፤ በራጅ መሣሪያ ሳይታገዝ ሊገባ የሚችል ጠጣር ብረት ነው፤ የሚሠራውም እ.ኤ.አ. በ1999 በዶክተር ሉዊስ ዘርክል በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት በተቋቋመ ድርጅት ነው። ወረቀቱንም ራጁንም በላስቲክ ከረጢት አድርገው ከአልጋ በላይ ይስቀሉ፣ በስልክም ፎቶ ያንሡት፤ ችግር በመጣ ሌሊት ይህን መፈለግ አይገባም።

ቁስሉን ለማየት ዓይን ብቻውን አይበቃም። መጻሕፍቱ «ሲቀላ ይጠርጠር» ይላሉ፤ እንደኛ ባለ ጥቁር ቆዳ ላይ ግን መቅላት ብዙ ጊዜ አይታይም። በምትኩ ቆዳው ከወትሮው ይጠቁራል ወይም ወደ ወይን ጠጅ ይሄዳል፣ ይወጠራል፣ ያብለጨልጫል። ስለዚህ እጅን ታጥበው የእጅዎን ጀርባ በመጀመሪያ ጤነኛው እግር ላይ፣ ቀጥሎ በተሰበረው እግር ላይ በተመሳሳይ ቦታ ያሳርፉ፤ ልዩነቱ በየቀኑ እየጨመረ ከሄደ አንድ ነገር አለ። አንዲት የታካሚ እህት ስትሠራው ያየሁት ደግሞ ከሁሉ ይሻላል፦ ጠቆር ብሎ ያበጠውን ቦታ ዳር ዳሩን በእስክሪብቶ ትከብበዋለች፣ ቀኑን ትጽፋለች፣ በመስኮት ብርሃን ፎቶ ታነሣዋለች። በሦስተኛው ቀን እብጠቱ መስመሩን ሁለት ጣት ያህል አልፎ ሲገኝ ቀጠሮ ሳትጠብቅ ይዛው መጣች፤ ያን ቀን ታጥቦ ብረቱ ሳይወጣ ዳነ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ጥቂት ደም ያዘለ ፈሳሽ፣ ቀላል ትኩሳት፣ እግሩ ከፍ ሲል የሚቀንስ እብጠት ያለ ነው። የሕመሙ አቅጣጫ ዋና ምልክት ነው፤ በየቀኑ እየቀነሰ መሄድ አለበት። ቀንሶ የነበረ ሕመም ተመልሶ ከጨመረ፣ ከሳምንት በኋላ እዥ ወይም መግል ከወጣ፣ ስፌቱ ከተከፈተ፣ መጥፎ ሽታ ካለ፣ ትኩሳቱ ከ38 ዲግሪ ካለፈ በዚያው ቀን ወደ ቀዶ ጥገናው ሆስፒታል መመለስ ነው። «ሽታ መታው» ብሎ ሽቶ የተቀባ ጠያቂን መውቀስ ውድ ቀናትን ያባክናል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት መድኃኒት የማያስታግሰው፣ ጣቱ ሲንቀሳቀስ የሚያስጮህ ሕመም ካለ ደግሞ ሌላ አጣዳፊ ነገር፣ በጡንቻው ውስጥ የታመቀ ግፊት ሊሆን ስለሚችል በሰዓታት ውስጥ መታየት አለበት።

ፋሻው ደረቅና ንጹሕ ከሆነ በየቀኑ መፍታት አያስፈልግም፤ ከረጠበ ወይም ከቆሸሸ ይለወጣል። ቁስል ላይ ቅቤ፣ ማር፣ የጥርስ ሳሙና ወይም የተፈጨ ክኒን አይደረግም። ጸበል የሚጠመቅ ሰው ስፌቱ እስኪወጣና ቁስሉ በሚገባ እስኪጠግግ ድረስ ቁስሉን ውኃ እንዳይነካው ይከልክል። ጄሶ ያለበት ደግሞ ሲያሳክከው እንጨት አያስገባ፤ ከጄሶው ሽታ ከመጣ ወይም እርጥብ ነጠብጣብ ከታየ ሐኪሙ ጄሶው ላይ እንደ መስኮት ያለ ቀዳዳ ከፍቶ ማየት አለበት።

የውጭ ብረት ያለው ታካሚ ሽቦው ወይም ዘንጉ ቆዳውን በሚበሳበት ቦታ ሁሉ ለባክቴሪያ መግቢያ በር አለው። እጅ ታጥቦ ለእያንዳንዱ ብረት አዲስ ጎዝ ይዞ፣ ሆስፒታሉ በነገረው ማጽጃ ከቆዳው ወደ ውጭ መጥረግ ነው፤ አንዱን ብረት የጠረገ ጎዝ ወደ ሌላው አይሄድም። ጥቂት ንጹሕ ፈሳሽ አያስደነግጥም። መግል ሲሆን፣ ቆዳው ሲያብጥ፣ በተለይም ብረቱ ሲነኩት የሚነቃነቅ ከሆነ ግን ያሳዩት።

ካመረቀዘ ምን ይደረግ

ከሁሉ በፊት ከመድኃኒት ቤት እንክብል አይግዙ። የሚያስፈራኝ ገንዘቡ መባከኑ ብቻ አይደለም። ሐኪሙ ባክቴሪያው ማን እንደሆነ የሚያውቀው በቀዶ ጥገና ጊዜ ከጥልቁ በሚወስደው ናሙና ነው፤ ቢያንስ አምስት ናሙና ከተለያየ ቦታ ቢወሰድ ይመረጣል። ቀደም ብሎ የተዋጠ እንክብል ባክቴሪያውን ሳይገድል ከላቦራቶሪው ይሰውረዋል፤ ስለዚህ ታካሚው ያልተዳከመ ከሆነ ሐኪሙ መድኃኒቱን ለሁለት ሳምንት ያህል አቁሞ ናሙና ለመውሰድ ሊወስን ይችላል። ከቁስሉ አፍ በጥጥ የተጠረገ ናሙናም ያታልላል፤ የቆዳውን ነዋሪ እንጂ የአጥንቱን አያሳይም።

የሚያንቀጠቅጥ ብርድ፣ ፈጣን ትንፋሽ፣ መቀባዠር፣ የሽንት ማነስ ካለ ግን ነገሩ ይለያል። ይህ ባክቴሪያው ወደ ደም መግባቱን ስለሚያመለክት ናሙና እስኪወሰድ ተብሎ መድኃኒት አይዘገይም፤ ቅርብ ወደሆነው ድንገተኛ ክፍል በፍጥነት መሄድ ነው።

ካርድ ክፍል ሲደርሱ «ቁስል አለው» ብቻ ካሉ ለፋሻ ተብሎ ወረፋ ሊያዝልዎት ይችላል። «ስብራት ነበረው፣ ብረት አለበት፣ ከዚህ ቀን ጀምሮ ይፈሳል» ብለው ይናገሩ፤ ወረቀቱንና ፎቶዎቹንም ያሳዩ። በአዲስ አበባ እንደ ጥቁር አንበሳና አቤት ባሉ ሆስፒታሎች የአጥንት ስፔሻሊስቶች ስላሉ፣ ከክልል ሪፈር የሚጻፍልዎት ከሆነ የመጀመሪያው ቀዶ ጥገና ማስታወሻ አብሮ እንዲላክ አጥብቀው ይጠይቁ።

ሕክምናው ከአንድ በላይ ቀዶ ጥገና ሊጠይቅ እንደሚችል ቤተሰብ ከወዲሁ ይወቅ። ብረቱ ካልላላና አጥንቱ ገና ካልገጠመ ሐኪሙ ታጥቦ እንዲቆይ ሊያደርገው ይችላል፤ የማይነቃነቅ አጥንት ኢንፌክሽንን የመቋቋም ብርታት አለው። በዚህ ጊዜ መድኃኒቱ እስከ 12 ሳምንት ሊሄድ ይችላል፤ ብረቱ ከወጣ ብዙውን ጊዜ 6 ሳምንት ይበቃል። መርፌ ከእንክብል ይበልጣል የሚለው እምነት በዚህ ሕመም ላይ ተፈትኗል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በብሪታንያ ከ1,000 በላይ የአጥንትና የመገጣጠሚያ ኢንፌክሽን ታካሚዎች ላይ የወጣ ጥናት፣ በትክክል የተመረጠ የሚዋጥ መድኃኒት ለስድስት ሳምንት በደም ሥር ከሚሰጠው እንደማያንስ አሳይቷል። ስለዚህ ሐኪሙ እንክብል ይዘው ወደ ቤት እንዲሄዱ ቢያደርግ አቃልሎ አላየዎትም። ሪፋምፒሲን የሚባለው ጸረ ባክቴሪያ መድኃኒት ከታዘዘ ሽንት ብርቱካናማ ይሆናል፤ ይህ መድኃኒት ብቻውን ከተወሰደ ባክቴሪያው በፍጥነት ስለሚለምደው ሁልጊዜ ከሌላ ጋር ይሰጣል። ለሳንባ ነቀርሳም የሚሰጠው ይኸው ስለሆነ የሰው ትራፊ ወስዶ መዋጥ ከባድ ጥፋት ነው። የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ ታካሚም ሪፋምፒሲን የእርሱን መድኃኒት ስለሚያዳክም ለሐኪሙ ሳይናገር አይጀምር።

ኢንፌክሽኑ ዘግይቶም ይመጣል። ከወራት በኋላ እግሩ ላይ ሲቆሙ የሚሰማ አዲስ ሕመም፣ በጊዜው ያልገጠመ አጥንት፣ ጠባሳው አካባቢ የሚያብጥና የሚጎድል እባጭ ትኩሳት ባይኖርም፣ የደም ምርመራውም ደኅና ቢመስል መጠርጠር አለበት። ስለሆነም ታካሚው ያለ ምርኩዝ መሄድ ቢጀምርም እስከ አንድ ዓመት ድረስ የተሰጠውን ቀጠሮ ሁሉ ያክብር፤ በእያንዳንዱ ቀጠሮም ራጅ ሲነሣ የቀድሞውን ራጅ ይዞ ይሂድ፤ ብረቱ መላላቱን፣ አጥንቱም መበላቱን ሐኪሙ የሚያውቀው ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያያቸው ነው።